«መብራቱ እኮ በርቷል!» ዋይፋያችን ሲራብ

ይህ ጽሑፍ እዚህ ጎንደር በሆቴል፣ በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ኔትወርክ ለሚሠሩ ወጣቶች ካደረግሁት ንግግር የተገለበጠ ነው። ስናገር የተምታታብኝን ቦታ አስተካክያለሁ። ቀልዱን አልነካሁትም።

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሰዓትን ለኬብል ወሬ መስጠት ቀላል አይደለም፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አምና ጥምቀት ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ጠራ። ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ጥምቀት ለጎንደር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። አልጋ ይጠፋል። እንግዳው ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውልና ማታ ክፍሉ ገብቶ ያነሳውን ፎቶና ቪዲዮ ለዘመድ ሊልክ ይቀመጣል። ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው።

የቤቱ ባለቤት እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ቀን ቀን ደህና ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይሞታል። ኢንተርኔቱን አሳድጉልኝ ብዬ ጨምሬ ከፈልሁ፤ ያው ነው» አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ቀና ብዬ አየሁ። አዲስ፣ ነጭ፣ የሚያምር አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) ተሰቅሏል። ወዴት እንደማይ አይተው «እሱማ ደህና ነው፤ መብራቱ እኮ በርቷል!» አሉ።

ዛሬ የምናገረው ስለዚች መብራት ነው። ስንቱን ቴክኒሻን ጉድ ሠርታዋለች።

ከእኔ በፊት ሁለት ሰው መጥቶ ነበር። አንዱ ጥፋቱን በኢንተርኔት አቅራቢው ላይ ጥሎ ሄዷል። ሌላው ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አድርጎ «ግንቡ ነው» ብሏል። እኛ ጎንደሮች ደግሞ ይቺ ምክንያት ትጥመናለች። ግንብ ሞልቶናል። የፋሲል ግንብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስንቱን ችሎ ቆሟል፤ አሁን የዋይፋዩንም ጥፋት እናሸክመው?

ነገሩን ከምጣድ ልጀምር። ቤት ውስጥ አምፑል በርቶ ሳለ ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣዷን ስትጥድ ምን ይሆናል? አምፑሉ አይጠፋም፤ ይደበዝዛል። «መብራት አለ?» ብትባሉ «አለ» ትላላችሁ። አክሰስ ፖይንትም እንደዚሁ ነው። ኃይል ሲያጥረው ሁልጊዜ አይሞትም። አብዛኛውን ጊዜ ይከሳል። መብራቷን ለማብራት የሚበቃ ነገር አያጣም፤ ሃምሳ ስልክ የማስተናገድ አቅም ግን የለውም።

አክሰስ ፖይንቱ መብራት የሚያገኘው በዚያው ዳታ በሚያመጣለት ኬብል ነው። ፒኦኢ (ፓወር ኦቨር ኢተርኔት) የምንለው ይህን ነው። ስዊቹ፣ ማለትም ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን፣ እንዲሁ ዝም ብሎ ቮልት አይለቅም። እንደ ጥሩ ዘበኛ በሩ ላይ «ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ትንሽ ቮልት ይልክና በዚያ በኩል 25 ኪሎ ኦም አካባቢ የሆነ ሬዚስተር መኖሩን ያያል። ካገኘ «ቤተኛ ነው» ብሎ ያስገባል። ካላገኘ በሩን አይከፍትም። ላፕቶፕ ፒኦኢ ስዊች ላይ ስትሰኩ የማይቃጠለው ለዚህ ነው። ቀጥሎ «ስንት እንጀራ ትበላለህ?» የሚል ጥያቄ አለ። መሣሪያው ክላሱን፣ ማለትም የሚፈልገውን የኃይል እርከን፣ ይናገራል። ሙሉው 48 ቮልት ገደማ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄው ዘበኛው የትኛውን ቋንቋ ይሰማል የሚለው ነው። የመጀመሪያው የፒኦኢ ደረጃ (ስታንዳርድ) ኤኤፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። ከስዊቹ በር 15.4 ዋት ይሰጣል። ሁለተኛው ኤቲ በ2009 መጣ፤ 30 ዋት። ሦስተኛው ቢቲ በ2018 ሲሆን እስከ 60፣ ከዚያም እስከ 90 ዋት ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ ስዊቹ በር ላይ የሚለኩ ናቸው። መንገድ ላይ ኬብሉ የራሱን ይበላል። ስለዚህ ለመሣሪያው የሚረጋገጥለት በኤኤፍ 12.95፣ በኤቲ 25.5 ዋት ብቻ ነው። 30 ዋት ከፍላችሁ 25.5 ስትረከቡ «ቀሪው የት ገባ?» አትበሉ። በኤቲ የሚያልፈው 0.6 አምፒር በራሱ ተባዝቶ ለኬብሉ በሚታሰበው 12.5 ኦም ሲመታ 4.5 ዋት ይሆናል። ኬብሉን በማሞቅ ያለቀ ነው።

ወደ እንግዳ ማረፊያው ልመለስ። አሮጌዎቹ አክሰስ ፖይንቶች ወርደው ዋይፋይ 6 የሚባለው ትውልድ የሆኑ ስድስት አዳዲሶች ተሰቅለዋል። የአዲሶቹ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) በግልጽ ኤቲ ይላል። ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ያለው ስዊች ግን የድሮው ነው። ሞዴሉን ስልኬ ላይ ፈለግሁት፤ ኤኤፍ ብቻ። ሰዎቹ ሙሽራዋን አዲስ ልብስ አልብሰው ቁርስ ነሥተዋታል።

የተራበ አክሰስ ፖይንት ምን ያደርጋል? እንደ አምራቹ ይለያያል። አንዱ የአንቴናዎቹን ሥራ ከአራት ወደ ሁለት ያወርዳል። ሌላው የሚያሰራጨውን ሲግናል ይቀንሳል። ዩኤስቢውንና ሁለተኛዋን የኢተርኔት ቀዳዳ የሚዘጋ አለ። አንዱን ሬዲዮ ጨርሶ የሚያጠፋም አለ። እነዚህ ጨዋዎቹ ናቸው። መጥፎው ችዬ እሠራለሁ ብሎ የሚቀጥለው ነው። ቀን አምስት ስልክ ሲያስተናግድ ይበቃዋል። ማታ እንግዳው ሁሉ ተሰብስቦ ቪዲዮ መላክ ሲጀምር ፍጆታው ይወጣል፣ ከልኩ ያልፋል፣ ስዊቹ በሩን ይዘጋበታል። አክሰስ ፖይንቱ ይጠፋና እንደገና ይነሣል። ሦስት አራት ደቂቃ። ይነሣል፣ ስልኩ ሁሉ ይሰፍርበታል፣ እንደገና ይወድቃል። እንግዳው «ኢንተርኔቱ ሞተ» ይላል። ኢንተርኔቱ ምን በወጣው!

ግን ገምቼ አልተነሣሁም። መጀመሪያ ገብቼ አፕታይሙን፣ ማለትም ዕቃው ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ አየሁ። ስዊቹ ከተነሣ 40 ቀን አልፎታል። ሁለቱ የፎቅ አክሰስ ፖይንቶች ግን ትናንት ማታ ነው የተነሡት። ይቺን አስተውሉ። ሕንፃው መብራት ጠፍቶበት ቢሆን ስዊቹም አብሮ በወደቀ ነበር። የወደቀው አክሰስ ፖይንቱ ብቻ ከሆነ ችግሩ ከስዊቹ በር ጀምሮ ወዲያ ነው። ከዚያ ሎጉን (የክስተት መዝገቡን) ከፈትኩ፤ አነስተኛ ኃይል የሚል ማስጠንቀቂያ ተደርድሯል። ወራት ሙሉ ሲጮህ የሰማው የለም።

ቀጥሎ ያለው ፍተሻ ከሁሉ የምወደው ነው። ምንም ዕቃ አይጠይቅም፤ መሰላል ብቻ። አክሰስ ፖይንቱን አወረድኩ። ስዊቹ አጠገብ አምጥቼ በሁለት ሜትር ኬብል ሰካሁት። እዚያ ሙሉ ኃይል ካገኘ ጥፋቱ የረጅሙ ኬብል ነው። እዚያም ከተራበ ስዊቹ ነው፣ ወይም የስዊቹ ሴቲንግ። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ አዲስ አክሰስ ፖይንት ይገዛል። አዲሱም ያው የድሮውን ረሀብ ይወርሳል።

እዚያም ተራበ። ከቦርሳዬ ባለ 30 ዋት ኢንጀክተር፣ ማለትም በኬብሉ ላይ ኃይል የሚያስገባ ዕቃ፣ አውጥቼ መሀል አስገባሁ። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፤ አንቴናዎቹ አራቱም ተነሡ። ጥምቀት ደርሷል፣ ስዊች ለማዘዝ ጊዜ የለም። ስድስት ኢንጀክተር ገዝተን ሁለት ዲቫይደር ላይ ደረደርናቸው። አያምርም። እውነቱን ለመናገር ያስቀይማል፤ ፎቶ ያላነሣሁት ለዚህ ነው። ግን በዓሉን አሳለፈ። ኤቲ ስዊቹ የካቲት ላይ ገባ።

አሁን የኃይል በጀት ነገር። ይህ ከመጀመሪያው የበለጠ ሰው ያወዛግባል። ማራኪ በኩል ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ስዊቹ ኤቲ ነው፣ አክሰስ ፖይንቶቹ ኤቲ ናቸው፣ ኬብሉ ደህና ነው። ሆኖም መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሁለት አክሰስ ፖይንት አይነሣም። አንድ ቀን የሂሳብ ክፍሉና የመዝገብ ቤቱ፣ በሌላ ቀን የስብሰባ አዳራሹና የኃላፊው። ሰው «ሰይጣን ገብቶበታል» እስከማለት ደርሶ ነበር። የኃላፊው በቀረ ቀን ደግሞ መከራ ነው።

ሂሳቡን እንሥራ። ስዊቹ 24 ፖርት (በር) አለው፤ ሁሉም ላይ ኤቲ ተጽፏል። ለፒኦኢ የተመደበለት ጠቅላላ ኃይል ግን 195 ዋት ብቻ ነው። ለአንድ አክሰስ ፖይንት 30 ብትይዙ 6 ይደርሳል። እነሱ ያላቸው 8 ነው። እያንዳንዱ ፖርት 30 መስጠት ይችላል፤ ሁሉም በአንዴ ግን አይችሉም። ሮቶው አንድ ነው፤ ቧንቧ ብትቀጥሉበት ውኃው አይጨምርም።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ስምንቱ አክሰስ ፖይንቶች በትክክል የሚበሉትን ሳይ እያንዳንዳቸው 13፣ 14 ዋት ነበር። ስምንቱ ሲደመሩ 112 እንኳ አይሞሉም። ታዲያ ለምን አልበቃም? ስዊቹ የሚይዘው በሚበሉት ሳይሆን በተናገሩት ክላስ ስለነበረ ነው። ሠርግ ላይ ለሁሉም ሰው ሙሉ ትሪ ይዘህ ግማሹን ሳይበላ እንደማስቀረት። ብዙ ስዊች ላይ ይህን መቀየር ይቻላል። እኛ ዳታሺቱን አይተን በየፖርቱ 20 ዋት ጣሪያ አደረግን፤ ስምንቱ 160 ሆኑና ገቡ። ዳታሺት ሳታዩ በዛሬ ፍጆታ ብቻ ጣሪያ አትቁረጡ። ስብሰባ ያለ ቀን ያዋርዳችኋል።

ቦታ የሚቀያየረውስ? መብራት ሲመጣ ስምንቱም በአንድ ጊዜ «ስጠኝ» ይላሉ። ያ ስዊች ቀድሞ ለደረሰ ነበር የሚሰጠው። ሌላ ዓይነት ስዊች በፖርት ቁጥር ያስቀድማል፤ መጨረሻ ፖርት ላይ ያለው ሁሌ ይቀራል። በሁለቱም መፍትሔው የቅድሚያ ሴቲንግ ነው። የትኛው መቅረት እንደሌለበት እናንተ ወስኑ፤ ለአጋጣሚ አትተዉት። እኔ አዳራሹን አስቀደምኩ። ኃላፊው ትንሽ ቅር አላቸው።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘውን ዩፒኤስም አትርሱ። ድሮ ለስዊቹ ብቻ ተብሎ የተገዛ 650 ቪኤ ዩፒኤስ አሁን ስምንት አክሰስ ፖይንት ያስተዳድራል። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፤ ብዙዎቹ 400 እንኳ አይሞሉም። ድሮ አንድ ሰዓት ይይዝ የነበረው አሁን የቡና ሁለተኛውን ሳይጠብቅ ይሄዳል።

ኬብል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ከተማ ብዙ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ ካት 6 (የኬብል ደረጃ ነው) ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን አለ። ብዙው ሲሲኤ ነው። ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ መዳብ የተቀባ። ዳታ ያሳልፋል፤ አጭር ርቀት ላይ አይታወቅም። አሉሚኒየም ግን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ከመዳብ ባነሰ መጠን ነው። ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ሽቦዋን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉ። ውስጧ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ነጭ ብር ከመሰለ ተሸውዳችኋል።

ሌላው በቴስተር ነው። ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉ። ከስዊች ጋር እንደተያያዘ በጭራሽ እንዳትለኩ። በአንዱ ጫፍ የአንድን ጥንድ ሁለት ሽቦዎች አገናኙ፣ በሌላው ጫፍ ኦሙን ለኩ። 50 ሜትር የተለመደ የካት 5ኢ መዳብ ከ9 እስከ 10 ኦም አካባቢ ይሰጣችኋል። 15 ካያችሁ ወይ ሲሲኤ ነው፣ ወይ መሀል ላይ የተቀጠለ ቦታ አለ፣ ወይ ኬብሉ ካሰባችሁት ይረዝማል።

ይህ ምን ያመጣል? ኤቲ ስዊች ቢያንስ 50 ቮልት ይሰጣል። 0.6 አምፒር በ12.5 ኦም መንገድ ሲሄድ 7.5 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል፤ መሣሪያው ጋ 42.5 ይደርሳል። ደረጃው ለመሣሪያው የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ልክ እሱው ነው፤ ጫፍ ላይ ነው የተሠራው። 100 ሜትር ሲሲኤ ሲሆን መንገዱ ወደ 15 ኦም ይጠጋል (ኃይሉ በሁለት ጥንድ ስለሚሄድ አንዱን ጥንድ በቴስተር ከምትለኩት ግማሹ ነው)፤ የሚደርሰው 41 ቮልት ይሆናል። ብዙ ስዊች 53፣ 54 ቮልት ስለሚሰጥ አንዳንዴ ያልፍለታል። ክረምት እስኪገባ ድረስ።

ክረምት ያልኩት በቀልድ አይደለም። አሮጌ የድንጋይ ቤት መብሳት ስለሚያስቸግር ኬብሉን በውጭ፣ በጣሪያው ጠርዝ እናዞረዋለን። 40 ሜትር የነበረው 80 ይሆናል። ሲያጥር ደግሞ እንቀጥላለን፤ ጠምዝዘን በፕላስተር እንጠቀልላለን። ሐምሌ ላይ ውኃ ይገባል። ከሁለት ክረምት በኋላ ፈትቼ ያየሁት ቅጥያ አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ ነበር። ባለቤቱ «ጥቅምት ላይ ይድናል፣ ሐምሌ ላይ ይታመማል» ሲለኝ ስቄ ነበር። እሱ ልክ ነበር።

አጭር ነገር ልጨምር። ስዊቹም ኤቲ፣ ኬብሉም መዳብ ሆኖ አክሰስ ፖይንቱ 15.4 ላይ ከቆመ ኤልኤልዲፒ (መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ) መጥፋቱን እዩ። አንዳንድ አክሰስ ፖይንት ተጨማሪውን ኃይል የሚጠይቀው በእሱ ነው። «ለደኅንነት» ብሎ የዘጋው ሰው አይጠፋም።

ስለ ኢንጀክተር ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። «ማን ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ኢንጀክተር አለ። ፓሲቭ ይባላል። 24 ወይም 48 ቮልቱን ዝም ብሎ ይለቃል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ባለ 48ቱን የያዘ ኬብል ከአክሰስ ፖይንቱ ነቅዬ ሳላስተውል ፕሪንተር ላይ ሰካሁ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የወር ደመወዜ ሄደ። ስለዚህ ኢንጀክተር ስትገዙ ኤቲ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ጊጋቢትም መሆኑን እዩ፤ ርካሾቹ 100 ሜጋ ላይ ያንቋችኋል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሁለቱን ብቻ እጽፋለሁ።

አንዱ ወጣት «ስዊቹ ኤኤፍ ፒኦኢ እየሰጠ በላዩ ኢንጀክተር ብንጨምር 45 ዋት ይሆናል?» አለ። ሳቅ ሆነ፤ ጥያቄው ግን ደህና ነው። አይደመርም። አክሰስ ፖይንቱ የሚበላው ከኢንጀክተሩ ብቻ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ኢንጀክተር ከሆነ ስዊቹ በዚያ በኩል ቤተኛ ስለማያገኝ ኃይል አይልክም። እኔ ግን በዚያ ፖርት ላይ ፒኦኢውን ከሴቲንጉ አጠፋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ግራ እንዳይገባው።

ሁለተኛዋ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ናት። «ታዲያ ግንቡ ነፃ ወጣ ማለት ነው?» አለችኝ።

ነፃማ አልወጣም። ወፍራም ድንጋይ ሲግናል ያፍናል፤ በተለይ 5 ጊጋኸርዙን። ግን ተርቦ የሚያንሾካሹክ አክሰስ ፖይንት ይዛችሁ በግንቡ ላይ አትፍረዱ። መጀመሪያ ሙሉ ኃይል ስጡት። ከዚያ ስልካችሁ ላይ መለኪያ ከፍታችሁ ኮሪደሩን ሂዱበት። ጥግ ያለው ክፍል ውስጥ የሲግናሉ ጥንካሬ ከሲቀነስ 75 ዲቢኤም በታች ከወረደ፣ አዎ ግንቡ ነው፤ ሌላ ኬብል ስባችሁ ሌላ አክሰስ ፖይንት ስቀሉ። በጀቱንም እንደገና ደምሩ።

የዚህ ሕንፃ ስዊች እዚያ በር ጀርባ ነው፤ ዘበኛው ጋሼ ቁልፉን ሰጥተውኛል። መሰላል የሚይዝልኝ ሁለት ሰው ይምጣ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለውን አውርደን በሁለት ሜትር ኬብል እንሞክረው።